ጸጥ ያለ ሰፈርና ጭር ያለ ሰፈር

ልጅ የወለደ ሰው ቤት ሲፈልግ የቀድሞው መስፈርቱ ሁሉ ይለወጥበታል። ብቻውን በነበረበት ዘመን ቤቱ ለሥራው እንዲቀርብ፣ ኪራዩ ለኪሱ እንዳይከብድ፣ ወዳጅ ዘመድ ከሚገናኝበት አደባባይም እንዳይርቅ ብቻ ይሻ የነበረው ጐልማሳ፣ ልጁ ድክ ድክ ማለት በጀመረች ማግሥት በመስኮቱ ቆሞ ቁልቁል የሚያልፈውን የመኪና ጐርፍ በሌላ ዓይን ይመለከተዋል፤ በልቡናውም አንዲት ጥያቄ ታድርበታለች፤ ይህችውም፣ «ይህች ልጅ ነፍስ ስታውቅ ብቻዋን ወደ ትምህርት ቤት ሄዳ ብቻዋን ልትመለስ ትችላለችን?» የምትል ናት። በዋሽንግተን ከተማ መካከል በአንዲት ጠባብ የኪራይ ክፍል ኑሯቸውን የጀመሩ ብዙ ወገኖቻችን ከዓመታት በኋላ ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ሜሪላንድና ወደ ቨርጂኒያ ዳርቻዎች ያቀኑት በዚህችው ጥያቄ ተገፍተው ነው። «የት ገባችሁ?» ተብለው ሲጠየቁም መልሳቸው ተመሳሳይ ነው፤ «ራቅ ቢልም ጸጥ ያለ ሰፈር ነው፤ ለልጆች ጥሩ ነው» ይላሉ።

ነገር ግን ይህ «ጸጥ ያለ» የሚለው ቃል ጥቂት ሊመረመር ይገባዋል። ቋንቋችን በዚህ ረገድ ጥንቁቅ ነውና፣ ገበያው ተበትኖ ሜዳው ባዶ ሲቀር «ጭር አለ» ይባላል እንጂ «ጸጥ አለ» ብሎ የሚያልፈው ጥቂት ነው፤ ሕፃኑ ጠብቶ ሲተኛና ቤተ ሰቡ በየፊናው ሥራውን ሲይዝ ደግሞ ቤቱ ጸጥ ይላል እንጂ ጭር አይልም። ጭርታ ሰው በመታጣቱ የሚመጣ ዝምታ ነው፤ ጸጥታ ግን ሰው እያለ፣ ያለውም ሰው ሳይፈራና ሳይረበሽ የሚያገኘው ዕረፍት ነው፤ ያገርን ሰላም መጠበቅ «ጸጥታ ማስከበር» መባሉም ያለ ምክንያት አይደለም። ልጃቸውን ሊያርሱ ከጐንደር እስከ ሜሪላንድ የመጡ አንዲት እናት በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ወደ በረንዳው ወጥተው፣ የተከረከመውን ሣር፣ የተዘጉትን በሮችና አንድም እግረኛ የማይታይበትን ጐዳና ግራና ቀኝ ካስተዋሉ በኋላ፣ «ምነው ልጄ፣ አገሩ በሙሉ ለቅሶ ወጥቷል እንዴ?» ብለው መጠየቃቸው ይህን ልዩነት ከብዙ ሊቃውንት ይልቅ አሳጥረው መናገራቸው ነበር። ልጃቸው የገዛችው ጸጥታ መስሏት ነበር፤ እሳቸው ያዩት ግን ጭርታን ነው።

እኛ «ሰፈር» የምንለው ነገር ከጥንት ጀምሮ ከሰው ጋር እንጂ ከቤት ጋር የተያያዘ አይደለም። ቃሉ የተገኘው ከሠራዊት ማረፊያ ነው፤ ንጉሡ ድንኳኑን ባስተከለበት ኮረብታ ዙሪያ መኳንንቱ እንደየማዕረጋቸው፣ ጭፍራውም እንደየአለቃው ይሰፍር ነበርና፣ በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው አዲስ አበባም በዚሁ ሥርዓት ስላደገች፣ ዛሬ ድረስ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ ካሳ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር እያልን እንጠራለን። ስሙ የሚያመለክተው የቤቱን አሠራርና የመንገዱን ስፋት ሳይሆን በዚያ የሰፈሩትን ሰዎች ነው። እንግዲህ ከዚህ ዓይነት ባህል የወጣ ሰው የአሜሪካንን የከተማ ዳርቻ ሲያይ ቢደናገር አይፈረድበትም፤ በዚያ አገር ሰፈር በመጀመሪያ የሚወለደው በወረቀት ላይ ነውና፤ መንገዱ ይሰመራል፣ ቤቱ ይሠራል፣ ሰው የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ስለዚህም ጸጥታውም ሆነ ጭርታው ገና ሰው ሳይገባበት በነዳፊው እርሳስ ጫፍ ላይ ይጀምራል። ይህን ለማስረዳት ከዋሽንግተን በስተ ሰሜን ምሥራቅ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከምትገኘው ከግሪንቤልት የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

የግሪንቤልት ሐሳብ ጽንሱ ሩቅ ነው። በአሥራ ዘጠነኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ የለንደን ከተማ በጢስና በሰው ብዛት ታፍና በነበረበት ወቅት፣ ኤቤኔዘር ሃዋርድ የተባለ፣ የምክር ቤቱን ንግግር በአጭር ጽሕፈት እየመዘገበ የሚተዳደር አንድ ትሑት ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1898 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሰው ከከተማ ሥራንና ወዳጅን ያገኛል፣ አየርንና ፀሐይን ግን ያጣል፤ ከገጠር አየርንና ፀሐይን ያገኛል፣ ሥራንና ወዳጅን ግን ያጣል፤ ስለዚህ የሁለቱን በረከት አዋሕዳ የምትይዝ ሦስተኛ ዓይነት መኖሪያ ልትሠራ ይገባል ሲል አስተማረ። ይህችም ከተማ ከ32,000 የማይበልጥ ሕዝብ የሚኖርባት፣ ዙሪያዋን በእርሻና በደን መቀነት የታጠቀች፣ መሬቷም የነዋሪው የጋራ ሀብት ስለሚሆን ዋጋው ሲጨምር ትርፉ ለማኅበሩ ጥቅም የሚውልባት እንድትሆን አሰበ። ሐሳቡም በወረቀት አልቀረም፤ እ.ኤ.አ. በ1903 ከለንደን በስተ ሰሜን ሌችዎርዝ የተባለችው የመጀመሪያይቱ የአትክልት ከተማ ተጀመረች።

ሃዋርድ ግን ያልገመተው አንድ ነገር ነበረ፤ እርሱም አውቶሞቢል ነው። ከሠላሳ ዓመት በኋላ በአሜሪካን አገር ክላረንስ ስታይንና ሄንሪ ራይት የተባሉ ሁለት ነዳፊዎች ያንኑ ሐሳብ አንሥተው፣ «ለሞተር ዘመን የሚሆን ከተማ» በማለት እ.ኤ.አ. በ1929 በኒው ጀርሲ ውስጥ ራድበርንን መመሥረት ጀመሩ። መላቸው ቀላል ነበር፤ የመኪና መንገድና የእግር መንገድ እንደ ዘይትና እንደ ውኃ ተለያይተው ይሂዱ፣ መገናኘት የግድ ሲሆን ግን አንዱ በሌላው ሥር ይለፍ የሚል ነበር። ሥራው በተጀመረበት በዚያው ዓመት የደረሰው ታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት ከተማይቱን በጥቂቱ አስቀራት፤ ሐሳቧ ግን በሕይወት ተረፈ።

ውድቀቱ ራድበርንን ቢያስቀራትም ግሪንቤልትን ወለዳት። በፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ዘመን መንግሥቱ ለሥራ አጡ ሕዝብ ሥራን፣ ለመኖሪያ አጡም ቤትን በአንድነት ለመስጠት ሲደክም፣ ከፕሬዚዳንቱ አማካሪዎች አንዱ የነበረው የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሊቅ ሬክስፎርድ ተግዌል ለዚሁ ተግባር የተቋቋመውን መሥሪያ ቤት ይመራ ነበር፤ በእርሱም አሳቢነት «አረንጓዴ» የሚል ስም የተሰጣቸው ሦስት ከተሞች፣ ማለት በኦሃዮ ግሪንሂልስ፣ በዊስኮንሲን ግሪንዴል፣ በሜሪላንድም ግሪንቤልት እንዲሠሩ ተቆረጠ። የሜሪላንዱ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1935 መጸው ላይ ተጀመረ። ቦታው ለዘመናት ትምባሆ ሲዘራበት ኖሮ ጉልበቱ ያለቀ መሬት ነበር፤ በመንግሥት የዕርዳታ ሥራ የተቀጠሩት ብዙ ሺህ ሰዎችም ግንዱን ቈርጠው፣ አፈሩን በአካፋ ዝቀው፣ ዛሬ ልጆች በዙሪያው የሚሮጡበትን ሐይቅ ሳይቀር በእጃቸው ቈፈሩ። ዓላማው ቤት መሥራት ብቻ ሳይሆን ለብዙ እጅ ሥራ መስጠት ጭምር ስለ ነበረ፣ ማሽን በአንድ ሳምንት ሊፈጽመው የሚችለውን ሥራ ሰው በወራት ይሠራው ዘንድ ሆን ተብሎ ተተወ።

አሁን ወደ ንድፏ እንግባ፤ የነገሩ ምሥጢር በዚህ ነውና። ከተማይቱ የተቀመጠችው እንደ ግማሽ ጨረቃ በታጠፈ ጉብታ ላይ ሲሆን፣ ዋና ዋናዎቹ መንገዶችም የጉብታውን ቅርጽ ተከትለው ይዞራሉ እንጂ ኮረብታውን ሰንጥቀው አያልፉም፤ ስለዚህ ወደ ሌላ ቦታ የሚጣደፍ ባለ መኪና በዚያ የሚያቋርጥበት ምክንያት የለውም። በመንገዶቹ መካከል የቀረው መሬት በትንንሽ ብሎኮች ከመቈራረጥ ይልቅ እንደ ሰፊ ግቢ ሳይከፈል ቀርቶ፣ መካከሉ ለሣር፣ ለዛፍና ለልጆች መጫወቻ ተለቀቀ። በዚያ ግቢ ውስጥ እንደ ሰንሰለት ተያይዘው የቆሙት ቤቶችም ሁለት ገጽ አላቸው። አንደኛው ገጽ መኪና የሚቆምበት፣ ቆሻሻ የሚወጣበትና ልብስ የሚሰጣበት ነው፤ ሁለተኛው ገጽ ደግሞ ወደ አትክልቱና ወደ እግር መንገዱ የሚመለከት ነው። እንደኛ አነጋገር ጓሮው ወደ መኪናው፣ ደጁ ግን ወደ ሰው ዞሯል ማለት ነው። ከየደጁ የሚነሡት የእግር መንገዶች እንደ ምንጭ እየተገናኙ ወደ ማዕከሉ ይወርዳሉ፤ አውራ መንገዱን መሻገር ሲያስፈልግም ልጁ በመንገዱ ሥር በተሠራ መሿለኪያ ያልፋል። «መሿለኪያ» ለአዲስ አበባ ሰው የሰፈር ስም ነው፤ ለግሪንቤልት ልጅ ግን ከቤቱ እስከ ትምህርት ቤቱ አንድም መኪና ሳይገጥመው የሚያደርሰው የሰላም በር ነው።

በማዕከሉም ለዕለት ኑሮ የሚያስፈልገው ሁሉ በእግር መንገድ ርቀት ተሰብስቦ ይገኝ ነበር፤ ሱቁ፣ ሲኒማ ቤቱ፣ የመዋኛው ገንዳ፣ እንዲሁም ቀን የሕፃናት ትምህርት ቤት፣ ማታ ደግሞ የነዋሪው የስብሰባ አዳራሽና ቤተ መጻሕፍት ሆኖ የሚያገለግለው ሕንፃ በአንድነት ቆመዋል። በሕንፃው ግድግዳ ላይ ሌኖር ቶማስ የተባለችው ቀራጺ የአሜሪካንን ሕገ መንግሥት መቅድም በምስል ቀርጻበታለች፤ በአደባባዩ መካከልም ከዚያችው ሴት እጅ የወጣ የእናትና የልጅ ሐውልት ቆሟል። እኛ ሕፃናት የሚማሩበትን ቦታ «ዐጸደ ሕፃናት» ብለን ስንሰይም የሕፃናት አትክልት ቦታ ማለታችን ነው፤ የግሪንቤልት ነዳፊዎች ይህን ቃል ቢያውቁት ኖሮ ለከተማይቱ በሙሉ በሰጧት ነበር እላለሁ።

የመጀመሪያዎቹ ቤተ ሰቦች እ.ኤ.አ. በ1937 መጸው ላይ ሲገቡ የተሠሩት ቤቶች 885 ነበሩ። ከገቡት አብዛኞቹ ሠላሳ ዓመት ያልሞላቸው፣ ደመወዛቸው አነስተኛ የሆነ፣ ትንንሽ ልጆችን የያዙ ባልና ሚስቶች ነበሩና፣ በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ዕድሜ፣ በአንድ ዓይነት ችግር የተገናኙ ሰዎች እንደሚያደርጉት ሁሉ እርስ በርሳቸው ቶሎ ተፈላለጉ። ገና ሁለት ወር ሳይሞላቸው የራሳቸውን ጋዜጣ ማሳተም ጀመሩ። የቦስተኑ ነጋዴ ኤድዋርድ ፋይሊን ካቋቋመው ድርጅት በተገኘ ገንዘብ የተከፈቱት ሱቆች እ.ኤ.አ. በ1940 የነዋሪው የኅብረት ሥራ ማኅበር ሀብት ሆኑ፤ የብድርና ቁጠባ ማኅበር ተመሠረተ፣ ለሕክምና በኅብረት የሚከፈልበት ማኅበር ቆመ፣ ልጆቹ ሳይቀሩ ከረሜላ የሚሸጥ የራሳቸውን የኅብረት ሱቅ አቋቋሙ። ይህ ሁሉ ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ እቁብ፣ ዕድርና ጽዋ ማኅበር ባሉበት አገር ያደገ ሰው የሥራውን መንፈስ ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል። የማኅበሩና የስብሰባው ብዛት ግን ልክ ከማለፉ የተነሣ፣ ሰው በገና ሰሞን እንኳ ከቤተ ሰቡ ጋር ይቀመጥ ዘንድ በዚያ ሳምንት ስብሰባ እንዳይደረግ እስከ መወሰን ተደርሶ ነበር። ጸጥ ያለ ሰፈር ማለት እንግዲህ ሰው የማይሰበሰብበት ሰፈር ማለት አይደለም።

ንድፉ ይህን ያህል በሰው ልብ ላይ ሥልጣን አለውን? ብሎ የሚጠራጠር አንባቢ ቢኖር፣ ዶናልድ አፕልያርድ የተባለው የበርክሊ ዩኒቨርሲቲ መምህር በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ያደረገውን ጥናት ልጥቀስለት። ይህ ሰው በአሠራራቸው የሚመሳሰሉ፣ በመኪና ብዛት ግን የሚለያዩ ሦስት ጐዳናዎችን መርጦ፣ በአንደኛው በቀን 2,000 ያህል፣ በሌላው ግን 16,000 ያህል መኪና በሚያልፍበት በእያንዳንዱ ጐዳና ያሉትን ነዋሪዎች፣ በዚያው ጐዳና ስንት ወዳጅ እንዳላቸው ጠየቀ። መኪና በሚያንስበት ጐዳና የሚኖረው ሰው በአማካይ ሦስት ወዳጅ ሲኖረው፣ መኪና በሚበዛበት የሚኖረው ግን አንድ እንኳ አይሞላለትም ነበር። ጩኸት ጆሮን ብቻ የሚያደክም ይመስለናል፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም፤ ሰውን ከደጁ አስገብቶ በር ያስዘጋዋል፣ ልጁንም ከጐረቤት ልጅ ይለየዋል። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጐረቤት» የሚለው ብሂላችን እውነት የሚሆነው ጐረቤት ለጐረቤት ሊደርስ የሚችልበት መንገድ ሲኖር ነው።

ይሁን እንጂ ስለ ግሪንቤልት የሚጻፍ ነገር በምስጋና ብቻ ቢፈጸም ሐሰት ይሆናል። ጸጥታዋ በሕግ ብዛት የታጠረ ነበር፤ የታጠበ ልብስ ከቀትር በኋላ እስከ 10 ሰዓት ድረስ ከገመዱ ላይ እንዲነሣ የሚያዝ ደንብ ሳይቀር ወጥቶ ነበር። ከዚህም እጅግ የሚከብደው የበሩ ጉዳይ ነው። ነዋሪዎቹ የተመረጡት በማመልከቻ ሲሆን፣ መራጮቹ የገቢን መጠንና የቤተ ሰብን ብዛት መዝነው፣ ፕሮቴስታንቱ፣ ካቶሊኩና አይሁዳዊው በተመጣጠነ ቍጥር እንዲገቡ ተጠንቅቀው ሳለ፣ ለጥቁር ቤተ ሰብ ግን በሩን ፈጽመው ዘጉት። ሐይቁን ከቈፈሩት፣ መንገዱን ከጠረጉት እጆች መካከል የጥቁሮች እጅ ብዙ ነበረ፤ በሠሩት ቤት ግን ሊያድሩበት አልተፈቀደላቸውም። ይህም የዘመኑ ሕመም ነበር ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ነገር ግን ማንን ይጨምራል፣ ማንንስ ያስቀራል ተብሎ ሳይጠየቅ የአንድ ሰፈር ጸጥታ እንደማይመሰገን ከዚህ እንማራለን። ሰውን አስቀርቶ የተገኘ ዝምታ፣ ውስጡ ላሉት ጸጥታ ቢመስል፣ ውጭ ለቀሩት ጭርታ ነው።

ይኸው ሕመም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በሰፊው ተዛመተ። ከግንባር የተመለሰው ወታደር ሚስት አግብቶ ልጅ ሲወልድ ቤት ጠፋ፤ በዚያን ጊዜ የሌቪት ቤተ ሰብ ኩባንያ በኒው ዮርክ አጠገብ፣ በሎንግ አይላንድ የድንች እርሻ ላይ፣ ቤትን እንደ ፋብሪካ ዕቃ በተራ በተራ የማምረትን ዘዴ አመጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1947 በተጀመረው በዚሁ ሥራ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ17,000 የሚበልጡ ቤቶች ቆሙ። ሌቪታውን የተባለው ይህ ሰፈር ለብዙ ተራ ሠራተኛ የቤት ባለቤትነትን ክብር ሰጥቷል፤ በቤቱ ውል ውስጥ ግን ከነጭ ዘር በቀር ሌላ እንዳይኖርበት የሚል አንቀጽ ነበረበት። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1948 እንዲህ ያለውን ውል ፍርድ ቤቶች ሊያስፈጽሙት አይችሉም ሲል ፈረደ፤ ቤትን በዘር ምክንያት መከልከል በሕግ የተወገዘው ግን ከሃያ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። በዚህ መካከል አሜሪካን በሌቪታውን አርአያ እየተስፋፋች ሄደች፤ ቤቱና ሣሩ ተባዛ፤ የግሪንቤልት የእግር መንገድ፣ መሿለኪያውና የጋራው ሱቅ ግን ተረሳ። ወተት ለመግዛት እንኳ ሞተር ማስነሣት ግድ የሆነበት፣ አሮጊትና ሕፃን ያለ ሹፌር እስረኛ የሚሆኑበት፣ ዛሬ «ሰበርብ» የምንለው ኑሮ እንዲህ ተወለደ።

ግሪንቤልት ራሷም ከመንግሥት እጅ የምትወጣበት ቀን ደረሰ። ኮንግረሱ አረንጓዴዎቹ ከተሞች እንዲሸጡ በወሰነ ጊዜ፣ ነዋሪዎቹ ሰፈራቸው ተቈራርሶ ለነጋዴ እንዳይሄድ በመስጋት የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቁመው፣ እ.ኤ.አ. በ1952 ቤቶቹን በአንድነት ገዙ፤ በጦርነቱ ዘመን ለመከላከያ ሠራተኞች ተጨምረው የነበሩት ጭምር 1,600 የሚሆኑት ቤቶች ዛሬም የዚሁ ማኅበር ናቸው። ሥርዓቱ እንዲህ ነው፤ አባሉ የሚገዛው ግድግዳውንና ጣራውን ሳይሆን በማኅበሩ ውስጥ ያለውን ድርሻና በቤቱ ለዘለቄታው የመኖርን መብት ነው፤ በየወሩም ለጥገናው፣ ለግብሩና ለጋራው መሬት የሚውል ክፍያ ያዋጣል፣ በስብሰባም ድምፅ ይሰጣል። በኋላ የተሠሩት ታላላቅ አውራ ጐዳናዎች የከተማይቱን ክልል ቢሰነጥቁትም፣ የዘር በሩም ከብዙ ክርክር በኋላ ተከፍቶ ነዋሪዋ ከልዩ ልዩ ወገን የተውጣጣ ቢሆንም፣ የጥንቱ ክፍል መልኩን ስላልለቀቀ እ.ኤ.አ. በ1997 በአገሪቱ የታሪክ ቅርስነት ተመዝግቧል።

ወገኖቻችን ወደዚህ አካባቢ በብዛት የመጡት በሩ ከተከፈተ በኋላ ነው፤ ከ1966ቱ አብዮት ወዲህ በስደት፣ ኋላም በዲቪ ዕጣ የመጡት ኢትዮጵያውያን በዋሽንግተን አዳምስ ሞርጋንና ዩ ስትሪት ጀምረው፣ ልጆቻቸው ሲያድጉ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድሪያ፣ ከዚያም ወዲያ ወዳሉት ዳርቻዎች ተበተኑ። በዚህ መበተን ውስጥ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ፤ ቤታቸውን በአንድ ቦታ፣ ሰፈራቸውን ግን በሌላ ቦታ ይዘው ይኖራሉ። ሰፈራቸው እሑድ ጧት በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ወይም ዓርብ በመስጊድ፣ በዕድሩ ስብሰባና በልደት ድግስ ላይ ይገኛል፤ ወደዚያም በመኪና ግማሽ ሰዓት ነድተው ይደርሳሉ። ዓመት በዓል ሲሆን ግን ከአጥሩ ወዲያ ያለው ጐረቤታቸው የሚጤሰው ዕጣንና የሚቈላው ቡና ሽታ ምን እንደሆነ ሳያውቅ መስኮቱን ይዘጋል። ጭርታውን ያመጣው አሜሪካ ብቻ አይደለም፤ እኛም ስኒውን ይዘን አጥሩን ያልተሻገርንበት ድርሻ አለን።

እንግዲህ ለልጆቹ የሚስማማ ሰፈር ለሚፈልግ ሰው ከዚህ ታሪክ ምን ይተርፈዋል? ቤት ሻጩ የሚያሳየው የወጥ ቤቱን ድንጋይና የቤዝመንቱን ስፋት ነው፤ ገዢው ግን አንድ ሰዓት ያህል መኪናውን አቁሞ ሰፈሩን በእግሩ ይዙር፤ በተለይም ተማሪ ከትምህርት ቤት በሚመለስበት ሰዓት ይሂድ። ልጆች በውጭ ይታያሉን? አዛውንት የሚያርፍበት ወንበር አለን? መንገዱ ሌላ ቦታ ለሚደርስ ሁሉ አቋራጭ ነው ወይስ ለነዋሪው ብቻ የተሠራ ነው? ሱቁና ቤተ መጻሕፍቱ ያለ መኪና ይደረስባቸዋልን? የጋራውን ሣርና መጫወቻ የሚጠብቀው ማነው? የቤት ባለቤቶች ማኅበር ካለም ደንቡን ሳይፈርም ያንብብ፤ አጥር ምን ያህል እንዲቆም፣ እንግዳ የት እንዲያቆም፣ ሠርግና ለቅሶ በቤት ይደረግ እንደ ሆነ የሚወስነው ያ ወረቀት ነውና። ፖሊስ ምን ያህል ጊዜ እንደሚያልፍ ከመጠየቁ በፊት ደግሞ መንገዱን የሚያይ የጐረቤት ዓይን መኖር አለመኖሩን ይመርምር፤ ደጃፏ ላይ ቡና የምትቈላ ሴትና ከሱቁ መስኮት የማይጠፋ ባለ ሱቅ ባሉበት ሰፈር ያደግን ሁላችን፣ ጥፋታችን ከኛ ቀድሞ እቤት ይደርስ እንደ ነበር አንረሳውም።

ወደ ግሪንቤልት በእንግድነት ለመጀመሪያ ጊዜ በሄድሁበት ቀን፣ መኪናዬን አቁሜ ወደ ቤቱ ስጠጋ የታዩኝ የቆሻሻ ማጠራቀሚያዎችና የማእድ ቤቱ ትንሽ በር ብቻ ነበሩና፣ «ይህን ያህል የተወራለት ሰፈር ይኸው ነውን?» ብዬ ቅር ብሎኝ ነበር። የቤቱ ባለቤት ግን ፈገግ ብሎ፣ የመጣሁት በጓሮ መሆኑን ነግሮኝ፣ በቤቱ ውስጥ አሳልፎ በሌላው በር አወጣኝ። በዚያ በኩል ዛፉ ጥላውን ጥሎ ነበር፤ አንዲት አሮጊት በወንበር ተቀምጠዋል፤ ሦስት ልጆችም ቦርሳቸውን እየጎተቱ፣ እየተሟገቱና እየተሣሣቁ ከመሿለኪያው ብቅ አሉ። አብሯቸው የሚሄድ አዋቂ አልነበረም። ድምፃቸው ግቢውን ሞላው፤ አሮጊቷም አንዱን በስሙ ጠርተው አንድ ነገር ነገሩት። ሰፈሩ ጸጥ ያለ ነበር።